ያለቀለት ቤት

የገማቹ ስልክ ዝም ካለ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ቤት ለክቶ፣ ግድግዳ አንኳኩቶ፣ «ዋጋው ይህን ያህል ነው» ብሎ ማኅተም የሚያሳርፍ ሰው ነው፤ ማኅተም ግን ደንበኛ አይጠራም። መላ ያመጣችው ሴት ልጁ ናት።

«አባዬ፣ ብሎግ ክፈት። ስለ ሥራህ ጻፍ፤ ሰው አንብቦ ይመጣልሃል።»

«ምን ብዬ? ዛሬ ሽንት ቤት ለካሁ ብዬ?»

«እሱንም ቢሆን አንተ ስታወራው ያስቃል።»

ጻፈ። ስለ እርጥበት ጻፈ፣ ስለ ጣሪያ ዕድሜ ጻፈ። ሰባት ሰው አነበበው፤ አምስቱ ዘመድ ናቸው።

«ሰው የሚያነበው ስለ ሰው ነው» አለችው ልጁ።

ይሄኔ ታላቅ ወንድሙ ትዝ አለው። አናጢ ነው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ትቶ እሱን ያስተማረ፣ ከሥራ መልስ በሚተርፈው ሰዓት በአሥራ ስምንት ዓመት የገዛ ቤቱን በእጁ የሠራ። አምና ከታመመ ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራ የሚያዘውም የለም። ገማቹ ስለዚያ ቤት ሲጽፍ እንባው መጣ። ያለ ሚስማር ስለተገጣጠሙት መስኮቶች ጻፈ፤ ሲረግጡት ድምፅ ስለማይሰጠው ደረጃ ጻፈ። ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ የተነሣውን ፎቶም ለጠፈ።

የቀረው ርዕሱ ነበር። «ወንድሜ የሠራው ቤት» ብሎ ጻፈና ማን ይከፍተዋል ብሎ ሰረዘው። ቀጥሎ «ያለቀለት» አለ። በገማቾች አነጋገር ያለቀለት ቤት ማለት ከመሠረቱ እስከ በር እጀታው አንድ ነገር የማይጎድለው ነው። መንገድ ላይ ግን ያለቀለት ማለት ያበቃለት፣ ከእንግዲህ የማይረባ ማለት ነው። ሁለቱንም ያውቃል። ሰው ደንግጦ ይከፍተዋል፣ ከከፈተው በኋላ ምስጋናውን ያነባል ብሎ ለብቻው ፈገግ አለ።

እንዳለውም ሆነ። በሳምንቱ ስልኩ ዕረፍት አጣ። ሦስት ቤት፣ አንድ መጋዘን፣ እንደገና ሁለት ቤት።

የወንድሙ ሚስት የደወለችው በሁለተኛው ሳምንት ነው።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው? አብረውት የሠሩ አናጢዎች ፎቶውን እያሳዩ፣ ‹ጌታው፣ የገዛ ወንድምህ ያለቀለት ብሎሃል እኮ! ገማች ከፈረደ ይግባኝ የለውም!› ይሉታል። አብሯቸው ስቆ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም።»

ገማቹ በነጋታው ወንድሙ ቤት ሄደ። መንገዱን ሙሉ «የሙያ ቃል ነው፣ የሙያ ቃል ነው» እያለ ሲለማመድ ነበር። ወንድሙ መስኮቱ ሥር ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ተቀምጧል።

«አንብብልኝ» አለው። «እነሱ ከርዕሱ አላለፉም፤ እኔ ደግሞ የስልክ ፊደል አይታየኝም።»

አነበበለት። መስኮቶቹ ጋ ሲደርስ ወንድሙ አቋረጠው።

«ሁለት ሚስማር አለው፤ የላይኛው ላይ። ቸኩዬ ነበር። ቀጥል።»

አንብቦ ሲጨርስ ወንድሙ «ያምራል» አለ። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ርዕሱን ስታወጣ፣ ቃሉ ሌላም እንደሚል ትዝ ብሎህ ነበር?»

«አላለኝም» ቢል ይበቃ ነበር። ወንድሙ ሊያምነው ተዘጋጅቷል፤ እንዲያውም ዓይኑ «አላለኝም በለኝ» እያለ ይለምነዋል። ገማቹ የተለማመደውን ሁሉ ተወው። ዕድሜውን ሙሉ ለማንም ዋሽቶ ማኅተም አላሳረፈም፤ ለዚህ ሰው በምን አፉ ይዋሽ?

«ብሎኝ ነበር፣ ጋሼ።»

«እና?»

«ሰው እንዲከፍተው ብዬ።»

ወንድሙ ራሱን ነቀነቀ፣ እንጨት ተመልክቶ አይሆንም እንደሚል ሰው። ገማቹ እዚያው ፊቱ ጽሑፉን ከነፎቶው አጠፋ።

«አጠፋሁት ጋሼ። ይቅር በለኝ።»

አናጢው በግራ እጁ ተደግፎ ተነሣና እስከ በሩ ሸኘው።

«እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለ፣ በለዘበ ድምፅ። «በሉ እንግዲህ፣ በደህና ይግቡ።»

ገማቹ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ። አፍንጫውን ጠርጎ፣ ቀበቶውን አስሮ ያሳደገው ሰው በዕድሜው አንድ ቀን አንቱ ብሎት አያውቅም። ዞር ሲል በሩ ተዘግቷል።

ወደ ቤቱ ሲመለስ የጸለየው አጭር ነበር፤ ጋሼ ሳይሞት፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ «አንተ» እንዲለው።