በሲሪንጁ ላይ ያለው ቀይ መስመር

«ስንት ሚሊ ሊትር ሰጠሻት? በስንት ሰዓት?»

የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር ሺጂ የጠየቀችኝ ስለ ትኩሳት ማስታገሻው ሽሮፕ ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር። የሁለት ዓመቷ ልጄ ክሊዮና ጭኔ ላይ ሆና በትኩሳት ትቃጠላለች። የድንገተኛ ክፍሉ ስለሞላ የሚያዩን ኮሪደር ላይ ነው። ግድግዳውን ተጠግተው ስምንት ተሽከርካሪ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች ከቅዳሜ ጀምሮ እዚያው ናቸው።

«ትናንት ማታ፣ ትንሽ ነው የሰጠኋት» አልኩ። ውሸቴን ነበር። ከቤት ስንወጣም ሰጥቻታለሁ።

ሲስተር ሺጂ ትኩሳቷን ለካች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። «መድኃኒት ላምጣላት። አንቺ እስከዚያው ይህን ቅጽ ሙዪልኝ።»

«መነፅሬን ረስቼ ነው የመጣሁት።»

«አንቺ ኖሪን፣ መነፅር ደግሞ መቼ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» አለች ከጎኔ የተቀመጠችው ኮንሴፕታ። የመንደራችን ሰው ናት፤ አንጓዋን ሰብራ ግራ እጇን በሻርፕ አንጠልጥላለች። ኮንሴፕታ የሰማችውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል። «አምጪው፣ ቀኝ እጄ ደህና ነው፣ እኔ ልሙላልሽ።»

«ተይው፣ ፊንታን ሲመጣ ይሞላዋል።»

«ባልሽ ወተት ጭኖ ደብሊን አይደል የሄደው? እሱ እስኪመጣማ ልጅቷ ትዳራለች! ደግሞ በዚህ አገር ወረፋ።» አጠገባችን የተኙት ሽማግሌ ሳቁ።

ማንበብ አልችልም ነበር። ቤታችን ውስጥ የሚነበበውን ሁሉ የሚያነበው ፊንታን ነው። ክሊዮና ሁለት ዓመት ሲሞላት የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ነገሩ ገብቷት ኖሮ፣ ሳልጠይቃት በራሷ የጥፍር ቀለም የሽሮፕ መስጫው ሲሪንጅ ላይ ቀይ መስመር አሰመረችልኝ። «እስከዚህ ሙዪው፣ በቀን ከአራት ጊዜ አትለፊ» አለችኝ። መስመሩ ለዚያ ጠርሙስ ልክ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ግን ፊንታን ከሌላ መድኃኒት ቤት እየቸኮለ አዲስ ጠርሙስ ገዛ። የካርቶኑ ቀለም ሌላ ነው፤ ሽሮፑ ግን ያው ሮዝ፣ ሽታውም ያው የእንጆሪ። ካርቶን ቀይረው ይሆናል አልኩና በቀዩ መስመር ሰጠኋት።

ሲስተር ሺጂ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋች ተመለሰች። ጋሪው ላይ ሁለቱም ካርቶኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የድሮውም አዲሱም። እሷ ያነሳችው የድሮውን ነው። ካርቶኑ አልተቀየረም ማለት ነው። ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው።

ሽሮፑን ቀድታ ወደ ክሊዮና አፍ አስጠጋች።

«አትስጫት!» እጇን ያዝኩት። «ያኛውን ነው ስሰጣት የቆየሁት። ከቅዳሜ ጀምሮ። ዛሬም ጠዋት ሰጥቻታለሁ። ማንበብ አልችልም።»

ሲስተር ሺጂ ሽሮፑን ከልጅቷ አፍ መለሰች።

«ሲሪንጁን ይዘሽዋል?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። መስመሩን በብርሃን አየችው። «ሰባት ተኩል። በቀን ስንቴ?»

«አራቴ።»

«ያኛው ያው መድኃኒት ነው፣ ግን የጠነከረ፤ ከስድስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ እጥፍ ሰጥተሻታል» አለችና የቀዳችውን ጋሪው ላይ አስቀምጣ ሐኪም ለመጥራት ሄደች።

«እና ያን ሁሉ ዓመት» አለች ኮንሴፕታ፣ «የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ እያየሽ ራስሽን ስትነቀንቂ የነበረው ሳታነቢው ነው?»

«አዎ።»

«በይ ልጅቷን ልያዝልሽ።»

«ባንድ እጅሽ?»

«ባንድ እጄ ስድስት አሳድጌያለሁ።»

ሐኪሙ መጥቶ ደም ቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ ጉበቷ መጎዳት ጀምሯል አለ። ማርከሻውን በደም ሥሯ እያንጠባጠቡ በየጥቂት ሰዓቱ ደሟን መረመሩ። ማክሰኞ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ ረቡዕ ወደ ልኩ ተጠጋ። ማንበብ ተምሬ የካርቶኑን ጽሑፍ ራሴ ያነበብኩት ከዓመት በኋላ ነው።

እኔና ክሊዮና እስከ ረቡዕ ቆየን። ኮንሴፕታ ሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጠብቃ፣ አንጓዋን ማንም ሳያይላት ወደ ቤቷ ሄደች።