የዚነት ምልክት

ላቀው ክንዴ አምስት ዓመት የደከመበትን ፕሮግራም መንተባተብ ያስቆመችው፣ ጣቷን ኪቦርድ ላይ እንዴት እንደምታሳርፍ እሱ ራሱ ያስተማራት ልጅ ናት። ያውም ወር ባልሞላ ጊዜ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ሰው ፊትም ደስ ብሎታል። ሆዱ ግን እርር ድብን ብሏል።

ላቀው ደባርቅ መናኸሪያው ፊት ለፊት ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ማመልከቻ ይተይባል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። እንጀራው ከዚያ ይምጣ እንጂ ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዳባት ለሚማሩ ዓይነ ስውራን ልጆች የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ይሠራል። የሚያነበው ድምፅም የራሱ ነው። በሩን ዘግቶ፣ የአውቶቡሱን ጥሩንባ እየረገመ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ በገዛ አፉ እየጠራ ቀድቶታል። ድምፁ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ዲያቆን ሳለ ምስባክ ሲሰብክ እናቶች እንባቸውን ይጠርጉ ነበር፤ እሱም ይህን አልረሳውም።

ችግሩ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች በእርዳታ የመጡ አሮጌዎች መሆናቸው ነበር። ፕሮግራሙ እነሱ ላይ ሲጫን፣ ድምፅ ከድምፅ የምትገጣጥመው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ፋንክሽን የሚሏት፣ ሥራው ይበዛባትና አልደርስ ትላለች። ያኔ ማሽኑ «ተ-ተ-ተማሪ» እያለ ጆሮ ያደክማል። ላቀው ያልሞከረው ነገር የለም። አንዱን ሲያስተካክል ሌላው እየተበላሸ ዓመታት አለፉ።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ያሕያ ልጅ ዚነት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ መጣች። ሥራ እስክታገኝ ጋሽ ላቀውን ላግዝ አለች። ኮዱን እያገላበጠች ሰነበተችና አንድ ቀን፣

«ጋሼ፣ የጻፉት ምንም አልጎደለውም፤ ኮምፓይለሩ ነው» አለችው። ኮምፓይለር የምትለው ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉመውን ፕሮግራም ነው። «ሁሉንም አፍጥን ካልነው የሚያወጣው ነገር ይገዝፍና አሮጌው ማሽን አይሸከመውም። ምንም ካላልነው ይንተባተባል። እኛን የቸገረችን አንዲት ፋንክሽን ናት። ኮምፓይለሩ ውስጡ ለማንም ክፍት ስለሆነ ለምን አዲስ ምልክት አናስተምረውም? ምልክቱን ከፋንክሽኗ ራስ ላይ ስንጽፍለት እሷን ብቻ ለይቶ ይጠበብባት፤ የቀረውን እንደ ወትሮው ይተርጉም።»

ላቀው ሳቀ። «ኮምፓይለር የሚነካካው ፈረንጅ ነው፣ ልጄ። እኛ የሰጡንን እንጠቀማለን።»

እሷ ግን ነካካችው። መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ እየጀመረች፣ ኢንተርኔቱ እንደ ኤሊ ሲጎተት እየጠበቀች፣ ኮምፓይለሩ ላይ የራሷን ቅጥያ ሠርታ ምልክቱን አስተማረችው። ላቀው በልቡ አይሳካልሽም እያለ በአፉ አይዞሽ ይላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ መምህር ወልደ ገብርኤል ለገበያ ከዳባት መጡ። የዓይነ ስውራኑ መምህር ናቸው፤ እሳቸውም አያዩም። በቅኔ ቤት ስላለፉ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዚነት ከአሮጌዎቹ ማሽኖች አንዱ ፊት አስቀመጠቻቸውና ቁልፉን ተጫነች። የላቀው ድምፅ እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ አንድ ቃል አላደናቀፈውም። የኔታ ጆሯቸውን አዘንብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ምን አደረግሽው?»

«ፍግ ሲያንስ ለማሳው ሁሉ አይበተንም፣ የኔታ፤ ለጓሮው ድንች ነው። እኔም ኮምፓይለሩን ድንቹ የቱ እንደሆነ ነገርሁት።»

የኔታ ከልባቸው ሳቁ። «እንግዲያውስ ዚነትዬ፣ ይኸን ያንቺን አንባቢ የፊታችን ሰኞ ሳምንት ዳባት አምጭልኝ። ርእሰ መምህሩም ይስማው፣ ከወረዳ የሚመጡትም ይስሙት። ከወደዱት በየክፍሉ ይገባል፤ ሠሪውም በሰው ፊት ይመሰገናል።»

ያንቺን አሉ። ላቀው እዚያው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳው ነገር በአንዲት ቃል ከእጁ ወጣ። ድምፁ የማን ነው? ኮዱ የማን ነው? እሷ ከአንዲት ፋንክሽን ራስ ላይ ምልክት ብትለጥፍ ቤቱ የእሷ ይሆናል? ይህን ሁሉ በሆዱ ጠየቀ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ሠሪው ማነው ሲባል የእሱ ስም እንዲጠራ።

ከዚያ ወዲያ የሚያየውና የሚሰማው ሁሉ ያቆስለው ጀመር። ደንበኛ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ዚነት የለችም?» ይልና አለመኖሯን ሲሰማ ተመልሶ ይሄዳል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አበባ «የሐጂ ልጅ ጉድ ናት አሉ» ትለዋለች፤ «ማን አለ?» ብሎ ሽሮውን ገፋ ያደርጋል። ዚነት ስታስብ እርሳሷን ሻሿ ውስጥ መሰካቷ እንኳ ያንገበግበው ነበር። ቅናት እንዲህ ነው፤ ሰበብ ሲያጣ እርሳስም ይበቃዋል።

ዓርብ ዕለት ዚነት ለምሳ ስትወጣ፣ «ጋሼ፣ እስክመለስ የመጨረሻውን ኮድ በኮምፓይለሩ ያጠናቅሩትና ፍላሽ ላይ ያድርጉት» አለችው። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ኮምፓይለር ነበር፤ የዱሮውና የዚነት ቅጥያ ያለው። የዱሮው ኮምፓይለር የማያውቀው ምልክት ሲገጥመው አይቆምም። ይህን ምልክት አላውቀውም፣ ዘልየዋለሁ ብሎ አንዲት መስመር ማስጠንቀቂያ ይጽፍና ሥራውን ይጨርሳል። ፕሮግራሙም ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይወጣል፤ እንደ ዱሮው ይንተባተባል እንጂ።

ላቀው የዱሮውን መረጠ። መስመሯ መጣች። አነበባት፤ ደግሞም አነበባት። ሰኞ ማሽኑ ሲንተባተብ የዚነት ምልክት ከንቱ መሆኑ ለሁሉ ይታያል፤ እሱም ብድግ ብሎ «ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም፤ እኔ አስተካክለዋለሁ» ይላል። ንግግሩን እዚያው ወንበሩ ላይ ተለማመደው። ሁዳዴ ነበር፤ ላቀው ከሥጋና ከቅቤ ከታቀበ ሰንብቷል፤ ሰው መብላቱን ግን አልጾመውም።

ሰኞ የዳባት ትምህርት ቤት አዳራሽ ሞላ። ዓይነ ስውራኑ ተማሪዎች ከፊት ተቀመጡ፤ ርእሰ መምህሩና የወረዳ ሰዎች ከጎን። ላቀው ፍላሹን በገዛ እጁ ሰካ። የኔታ ወደ ማሽኑ ዞረው «በል እንግዲህ፣ አንብብልን» አሉ።

«እ-እ-እንኳን ደ-ደ-ደህና መ-መጣችሁ» አለ ማሽኑ።

ላቀው ሰዉ ሁሉ ወደ ዚነት እስኪዞር ጠበቀ። ማንም አልዞረም። ከፊት የተቀመጡት ልጆች ፊት አያዩም፤ የሚሰሙት ድምፅ ነው፤ ድምፁ ደግሞ የላቀው ነው። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሽ ላቀውን የደባርቅ ብርድ መታቸው» አለ፤ ረድፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ማሽኑም አላቋረጠም፤ በዚያ ምስባክ በሰበከ ድምፅ «ው-ው-ውድ ተ-ተማሪዎች» ማለቱን ቀጠለ። የኔታ «ልጆች!» ብለው ተቆጡ፤ የራሳቸው ከንፈር ግን አልታዘዘላቸውም።

ላቀው የተለማመደውን ሊናገር ተነሳ። ሳቁ ግን አደናገረው፤ «እ-እኔ...» ከማለቱ አዳራሹ እንደ አዲስ ሳቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። ለስም ሲል የወጣ ሰው ድምፁንም አዋረደ።

ዚነት መጥታ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለች። ማሽኑን ዝም አሰኘችና ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ዓርብ ሲያጠናቅሩት አንዲት መስመር ማስጠንቀቂያ አልወጣችም?» አለችው።

«አላየሁም።»

ቀና ብላ አየችው። ላቀውም እንዳወቀች አወቀ። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞራ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ምልክቱን የማያውቅ ኮምፓይለር ዘሎት እንዲያልፍ መፍቀድ አልነበረብኝም። ትንሽ ታገሡኝ።» ላፕቶፗን ከፍታ ፕሮግራሙን በራሷ ኮምፓይለር አጠናቀረችው። ማሽኑ ዳግም ሲያነብ ልጆቹ ጸጥ አሉ፤ ሲጨርስ ጭብጨባው ጣራውን ነካ። ርእሰ መምህሩ ፕሮግራሙ በየክፍሉ እንዲገባ ወሰኑ። ሲያመሰግኑም የሁለቱንም ስም ጠሩ፤ የላቀው ሲጠራ ግን የሚሳሳቁ ነበሩ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ዚነት ሥራዋን ለዓለም ሁሉ በኢንተርኔት ለቀቀችው። የኔታ ለገበያ መጥተው ሱቁ ውስጥ ነበሩ፤ ሦስት አራት ደንበኛም ወረፋ ይዟል።

«አሁን ምልክቱን የማያውቅ ኮምፓይለር ከመጣ ሥራው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የኔታ» አለች ዚነት። «የዳባቱ ዓይነት ነገር ከእንግዲህ በማንም ላይ አይደርስም። በኛ ሥራ ደግሞ ልማድ አለ፤ ማን እንደሠራውና ጉድለቱን ማን እንዳገኘው ስሙ አብሮ ይጻፋል። በአማርኛም ጽፌዋለሁ፤ ይስሙት።» ቁልፉን ተጫነች።

ያ ያማረ የላቀው ድምፅ ከማሽኑ ወጣ። «ምልክቱን የሠራችው ዚነት ያሕያ። ምልክቱ ሲዘለል የሚደርሰውን ጉድለት ያገኘው ላቀው ክንዴ።»

«እሰይ!» አሉ የኔታ። «ጉድለት ማግኘትም ቀላል አይደለም። ስምህ ባሕር ተሻገረ፣ ላቀው።»

ላቀው ወደ ዚነት ተጠግቶ፣ «አጥፊው» አላት በሹክሹክታ።

«ከወጣ በኋላማ አይጠፋም፤ ስንቱ ወስዶታል» አለችው። «ደግሞስ ምን ያሳፍራል፣ ጋሼ? ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ? እርስዎ ባይኖሩ ያንን ቀዳዳ በምን አውቀው ነበር?»

ከንዴት ይልቅ ያቃጠለው ነገሩ እውነት መሆኑ ነው፤ ምልክቷ ከፊተኛው ይልቅ የጠነከረው በእሱ ክፋት ነው። ይህንንም ቀናባት፤ እሱ ቢሆን እንዲህ አድርጎ መመለስ አይሆንለትም ነበር።

ወረፋ የያዙት ሰዎች «እንኳን ደስ ያለህ» እያሉ እጃቸውን ዘረጉለት። ላቀው ብድግ አለና ሁሉንም በየተራ ጨበጠ።