ለቢቂላ አልነሳም

እግሬ አውራ ጣት ሥር የወጣውን አጥንት ቆርጦ ሲጨርስ ሐኪሙ፣ ልጄ የሚሆን ሰው፣ አንተ እያለ መከረኝ። «አሁን የማያምህ ማደንዘዣው ስላለ ነው። ሲለቅህ ሕመሙ ብርቱ ነው፤ ሳይለቅህ ቀድመህ ማስታገሻውን ዋጥ።»

እሺ ብዬ ሰበታ ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ ገለቴ እግሬን ትራስ ላይ አስቀምጣ ክኒኑን አመጣች።

«በኋላ» አልኳት።

«ዱቤ፣ ቀድመህ ዋጥ አላለህም?»

«እንቅልፍ ያመጣል ብሏል። ወንድምሽ ሲመጣ ተኝቼ ያግኘኝ?»

ወንድሟ ቢቂላ ከቡራዩ ሊጠይቀኝ እየመጣ ነበር። በልጁ ሠርግ ድንኳን ስገባ ሰው ሁሉ «ኖር» ብሎ ሲነሳልኝ፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ እጁን ዘረጋልኝ። እሱ ዘይት አከፋፋይ ነው፤ እኔ የፋብሪካ ጥበቃ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ረግጦ አያውቅም። ቢመጣ እንዴት ተቀምጬ እንደምጠብቀው ግን ስንቴ አስቤዋለሁ!

አሁን ሊመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ እግሬ በፋሻ ተጠቅልሎ ተጋድሜያለሁ። ባልነሳ «ታሞ ነው» ይላል። ብነሳ አከበርኩት። ወይ ጣጣ! ትራሱን ገፋሁት። መስኮቱን አየሁ። ጣቴን ላንቀሳቅስ ብሞክር የሌላ ሰው ጣት መሰለኝ።

ቆይቶ ማደንዘዣው ሲለቅ እግሬን ይወረኝ ጀመር፤ መጀመሪያ እንደ ጉንዳን፣ ከዚያ አጥንቴን በመዶሻ የሚመቱኝ ያህል።

«ዋጠው በናትህ!» አለች ገለቴ።

«ዝም በይ!»

በሩ ተንኳኳ።

«አካም ጅርታ ዱቤ! እንዴት ነህ? አትነሳ፣ አትነሳ!» አለ ቢቂላ ገና ከበሩ።

«ልነሳም አላሰብኩ።»

«በዚህ እግር እንዴት ትነሳለህ!»

«ደህናም ብሆን ላንተ አልነሳም! በልጅህ ሠርግ ተነስተህልኛል?»

ቢቂላ ወደ እህቱ ዞረ። «አይዞሽ፣ ማደንዘዣው ነው የሚያናግረው። ጎረቤታችንም ከኦፕራሲዮን ሲወጣ ሚስቱን ፖሊስ ነሽ ብሏት ነበር።»

ገለቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ማደንዘዣውን የወጉኝ ቁርጭምጭሚቴን ነው እንጂ ጭንቅላቴን አይደለም!» ማለት ጀምሬ መሀል ላይ ጩኸት ሆነብኝ። ላብ አጠመቀኝ። ቢቂላ ተንበርክኮ እግሬን በሁለት እጁ አንስቶ ትራሱ ላይ መለሰልኝ። ክኒኑን አቀረበልኝ።

«እዚያ አስቀምጠው።»

«ከእጄ ብትወስደው ምን አለበት?»

«አስቀምጥ አልኩህ!»

በርጩማው ላይ አስቀመጠው። ፊቱን እስኪያዞር ልታገስ አልኩ፤ አላዞረም። አልቻልኩም። እያየኝ ዋጥኩት።