የአያት ስም

ዳይሬክተሩ ማህደሩን ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው እንጂ አልከፈተውም። ቀጭን ቡናማ ማህደር ነው፤ አንዱን ጥጉን አይጥ ቀምሶታል።

“ኢንጂነር፣ ክፍሉ በእርስዎ ስም ይሰየም ቢሉኝ ሰሌዳው ዛሬውኑ ይሰቀል ነበር” አለ። “በአክስትዎ ስም ግን ቦርዱ እሺ አላለም።”

“ያሳደገችኝ እኮ እሷ ናት። ሌላ እናት አላውቅም።”

“ይገባኛል። ነገር ግን እዚህ ላይ የተጻፈ ነገር አለ። ካርድ ክፍል ሲሠሩ የአንዱን ታካሚ ካርድ ለሌላው ሰጥተው ሰው ሞቷል። በቸልተኝነት ነው የተሰናበቱት። እንዲህ የተጻፈበትን ስም የሕፃናት ክፍል በር ላይ ሰቅለን የሟች ዘመድ ቢመጣ ምን እንመልሳለን?” ማህደሩን በጣቱ ገፋ አደረገው። “ይህን የሚያሽር ማስረጃ ካለዎት ያምጡልኝ፤ በደስታ ነው።”

ኢንጂነሩ ማስረጃው ነበረው። ሆዱ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ከተቀመጠ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።

ስሙ ያልተሰማበት ቦታ የለም። ኩባንያው የሠራው የካርድ ፕሮግራም ያልገባበት ሆስፒታል ማግኘት ያስቸግራል። ሀብት ሲመጣለትም እንደ ብዙዎቹ እጁን አልጨበጠም። ለትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ሰጠ፣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ዩኒቨርሲቲ አስገባ፣ በመጨረሻም አርባ አልጋ ያለው የሕፃናት ክፍል አስገነባ። ጋዜጠኞች “ይህን ደግነት ከማን ተማሩት?” ሲሉት “ከአክስቴ” ይላል። ሰው ያጨበጭባል። እሱ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጉንጩን ይዞ ጭብጨባው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

አክስቱ ስትጠራው “ብሎኔ” ነው። ስድስት ዓመት ሳይሞላው ሬዲዮኗን ፈታትቶ መልሶ ገጠመው። ሬዲዮው ሠራ፤ አንዲት ብሎን ግን ተረፈች። እሱ ሊጥላት ሲል እጁን ያዘችው። “ሠራ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ይቺ የምትገባበትን እስክታውቅ ድረስ ከኪስህ እንዳትወጣ” አለችው። ልጁ ብሎኗን ሳምንት ይዟት ዞረ፤ በስምንተኛው ቀን ጠፋችበት። ስሙ ግን ቀረ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላው የመጀመሪያውን ሥራ ያገኘችለትም እሷ ናት። በዚያን ጊዜ ሆስፒታሉ ያለው ካርድ በሙሉ በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ታካሚ መስኮቷ ሥር ሲቆም ቀና ብላ ታየውና “ስም? አባት? አያት?” ትለዋለች፤ ከዚያ መደርደሪያው መሐል ገብታ ሳትደናገር ካርዱን ይዛ ትወጣለች። አስተዳዳሪውን ለምና፣ “የወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ ወረቀት ማሽን ውስጥ ያስገባዋል” ብላ አሳመነችው። ሁለቱ እንጨት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሷ እያነበበች እሱ እየጻፈ፣ አሥራ አንድ ሺህ ካርድ አስገቡ።

የኮምፒዩተሩ መስታወት ጠባብ ነበር። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር ሲደረደር ለአያት ቦታ ጠፋ። እሱም አያትን አወጣው።

“አያቱን የት ጣልከው?” አለችው።

“አያስፈልግም እቴቴ። ማሽኑ በቁጥር ነው የሚያውቀው።”

“ሞክሼ ሲመጣስ? ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ስንት ሰው አለ መሰለህ?”

“አንቺ ደግሞ፣ ለሞተ ሰው ሁሉ ቦታ ልስጥ?” ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። የተማረው እሱ ነዋ።

ማሽኑ ሥራ ሲጀምር አስተዳዳሪው “ከእንግዲህ ብዙ መጠየቅ የለም፤ ሰልፉ ይፍጠን” ብሎ አዘዘ። በአምስተኛው ወር አንድ አናጢ በትኩሳት ተቃጥሎ፣ ራሱን ስቶ፣ በሰው ትከሻ መጣ። አክስት ስሙን ከነአባቱ ጻፈች፤ ማሽኑ አንድ ቁጥር አወጣ፤ በቁጥሩ ካርዱን አወጣች። ካርዱ የሞክሼው ነበር። ማሽኑ ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርጓቸዋል። የአናጢው የራሱ ካርድ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል፤ በላዩ በቀይ ቀለም “ፔኒሲሊን አይስማማውም” የሚል ጽሑፍ አለበት። መርፌውን ተወጋ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሞተ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ማሽኑን ከሰዓት በኋላ ሊያዩ ሲሉ፣ እሱ በምሳ ሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቶ ስህተቱን አገኘው። አያትን መለሰ፤ ሁለቱን ሰዎች ለያያቸው። ኮሚቴው ሲመጣ ማሽኑ ሁለት ሰው፣ ሁለት ቁጥር አሳየ። እሱም “ፕሮግራሙ ደህና ነው” አለ፤ ፈረመም። በዚያው ሳምንት ሌላ ሆስፒታል ሊዋዋለው ቀጠሮ ነበረው። ውሉ ይፈረምና እናገራለሁ ብሎ ነበር። ውል ውልን ወለደ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረ።

አክስት አልተከራከረችም። ማሽኑ ሁለት ቁጥር ካሳየ የተሳሳተችው እሷ ናት። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የአናጢው ሚስት ቤት ትሄዳለች። ሴትዮዋ የተማሪ የደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ አክስት ቁልፍ ትተክልላታለች። እሱ መኪና ከገዛ በኋላ እስከ ደጃፉ የሚያደርሳት እሱ ነው።

ከዳይሬክተሩ ቢሮ ወጥቶ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። አክስቱ እዚያው ሆስፒታል ከተኛች ወር ሆኗታል። ልቧ ደክሟል፤ ሐኪሙ “ቀን ነው የምንቆጥረው” ብሎታል።

“ብሎኔ፣ መጣህ?” አለች። “ሕንፃህን በመስኮት አየሁት። ምን ያለ ነጭ ነው የቀባኸው? ልጆቹ መንግሥተ ሰማያት የገቡ መስሏቸው እንዳይደነግጡ።”

“ይቀየራል እቴቴ።”

“ስሜን ልትሰቅል ነው አሉኝ ነርሶቹ። ተው። እጁ የሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው ስም ልጅ በሚተኛበት አይሰቀልም።”

ከአልጋው አጠገብ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንደ ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገራት፤ አያቱን፣ ሞክሼውን፣ የምሳ ሰዓቱን፣ ፊርማውን።

አክስት ሳታቋርጠው ሰማች። ሲጨርስ ቀኝ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ፣ ከሰው የተዋሰችው ዕቃ ይመስል ገልበጥ እያደረገች አየችው።

“ይቺን እጅ” አለች፣ “በነጋ ቁጥር ምን ነክቶሽ ነው እያልኩ ስጠይቃት ነበር የኖርኩት።”

“እቴቴ፣ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ…”

“ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ነህ የምታደርሰኝ።”

“አዎ።”

“‘ምነው ብትተዪው፣ አሁን ይበቃል’ ትለኝ ነበር። መኪናው ውስጥ።”

“አዎ።”

“እያወቅህ።”

“እያወቅሁ።”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም ከወንበሩ አልተነሳም። ነርሷ መጥታ ሙቀቷን ለክታ ሄደች። የመስኮቱ ጥላ ከአልጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ሲደርስ፣ አክስት ሳትዞር፣ “ለሴትዮዋ ንገራት” አለችው። “በራስህ አፍ። ሰው እንዳትልክባት። ኮምፒዩተርም እንዳታበረክትላት።”

በዚያው ዕለት ጥፋቱን የሚያምን ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈ። የኩባንያው ጠበቃ አንብቦ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ብርጭቆ ቶሎ አስቀመጠው። “ጌታዬ፣ ይህ ከወጣ ሆስፒታሎቹ አንድ በአንድ ይሸሹናል። ሰውየው እንደሆነ ሞቷል፤ እሳቸውም…” ብሎ የቀረውን ዋጠው።

“እሷማ ገና አልሞተችም” አለ ኢንጂነሩ፤ ደብዳቤውን ለዳይሬክተሩ አደረሰ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። የአናጢው ሚስት ቤት ደጃፍ ሲደርስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናው ወረደ። ሴትዮዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። አጠገቧ አንድ ባዶ ወንበር፣ በወንበሩ ላይ በቆርቆሮ የተቀመጠ ቁልፍ አለ።

“የመኪናው ሰውዬ” አለችው። “እሷስ? ዛሬም አልተሻላትም?”

ቆሞ ነገራት። ሴትዮዋ የስፌት መኪናውን መዘውር በእጇ እንደያዘች ሰማችው። ሲጨርስ መርፌውን ከጨርቁ ላይ አነሳች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

“መጀመሪያ የመጣች ቀን በሩን ዘጋሁባት” አለች። “ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ዋለች። በሳምንቱም መጣች። ከዚያ አስገባኋት፤ ግን አላናግራትም። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ቁልፍ ስትተክል አንድ ቃል አልሰጠኋትም። ውሃ እንኳ አልሰጠኋትም። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ‘በይ ተይው፣ ይቅር ብዬሻለሁ’ አልኳት። አለቀሰች።” ቀና ብላ አየችው። “ለካ ይቅር ያልኳት ያልበደለችኝን ነው።”

“እትዬ፣ የበደልኩሽ እኔ ነኝ።”

“አንተን ይቅር ለማለት ደግሞ ሌላ ሦስት ዓመት ያስፈልገኛል። አርጅቻለሁ ልጄ። የሚበቃኝ አይመስለኝም።”

በቁጣ አልነበረም ያለችው፤ ጨርቅ ለክታ እንዳነሰ የምትናገር ነው የሚመስለው። ሻርፗን ደርባ፣ የቁልፉን ቆርቆሮ ይዛ፣ “ውሰደኝ ወደ እሷ” አለችው። በመንገድ አልተነጋገሩም።

ሴትዮዋ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋችው። እሱ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ቀረ። ኋላ ከውስጥ ቁልፎቹ በቆርቆሮው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ፣ ከዚያም የአክስቱን ደካማ ሳቅ ሰማ። ያን ሳቅ ከሰማው ቆይቷል። ተነስቶ በሩን ሊያንኳኳ እጁን አነሳና መለሰው።

ሴትዮዋ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

“ምን አለች?” አላት።

“ስለ ቁልፍ አወራን። ባለ ሁለት ቀዳዳው ይሻላል ትለኛለች።”

“ስለ እኔስ?”

“አልጠየቅኋትም” አለችና ሻርፗን አስተካክላ ደረጃውን ወረደች።

እሑድና ሰኞ ከአልጋው አጠገብ ዋለ። አክስት ዓይኗን ጨፍናለች፤ መተኛቷ ይሁን እሱን ላለማየት መለየት አልቻለም። ውሃ ሲሰጣት ትጠጣለች፤ ከንፈሯን ሲጠርግላት አትከለክለውም። ስሙን ጠርታ ግን አላናገረችውም። ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ሊገዛ ወርዶ ሲመለስ አርፋለች። ቀኝ እጇ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነበር።

ደብዳቤው ሥራውን ሠራ። ሁለት ሆስፒታሎች ውላቸውን አቆሙ፤ እሱም ሊቀመንበርነቱን ለቀቀ። ዳይሬክተሩ የማህደሯን ገጽ በአዲስ ገጽ ተካው፤ ቦርዱም ስሟን ፈቀደ።

ሰሌዳ ጸሐፊው በመሰላል ላይ ቆሞ በእርሳስ ሲለካ፣ ኢንጂነሩ ስሟን የጻፈበትን ወረቀት ከታች ይዞለት ነበር። ከበሩ ወዲያ አዲሶቹ አልጋዎች ላስቲካቸው ሳይገፈፍ ተደርድረዋል።

“ጋሼ፣ ሰሌዳው ጠበበን” አለ ጸሐፊው ወደ ታች እያየ። “ስሟና የአባቷ ስም ቆንጆ ሆኖ ይገባል። የአያቷ ስም ግን ቦታ የለውም። ብንተወው ምን ይላል?”

ኢንጂነሩ በእጁ የያዘውን ወረቀት አየ። ጸሐፊው ያልሰማው መስሎት ደገመለት፦ “ሰው በዚህም ያውቃታል እኮ።”

“ውረድ” አለው ኢንጂነሩ። “ውረድ ወንድሜ። ሰፋ ያለ ሰሌዳ እናመጣለን።”

መሰላሉን ጸሐፊው እስኪወርድ ድረስ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘለት።