በሙስአብ ስም የገቡ ጎሎች

ሙስአብ ጁነዲን በ1995 ዓ.ም. የኮሌጆች ዋንጫ አሥራ አንድ ጎል አግብቷል። የኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይመሰክራል። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን ሰውየው በዚያ ዓመት ኳስ የነካው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ያውም በእጁ፣ ያውም በራሱ ግብ ፊት። ቡድኑ በእሱ ጦስ ያን ጨዋታ ተሸነፈ።

ኮሌጁ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ከጫማ መጋዘን በላይ ያለ የኪራይ ፎቅ ነበር። የግል ኮሌጅ እንደ አሸን በፈላበት በዚያ ዘመን፣ ሁሉም ስሙ እንዲጠራለት ቡድን ያቋቁማል። የእነሙስአብን ቡድን የሚያሠለጥኑት የሒሳብ አያያዝ መምህሩ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ከሽንፈቱ በኋላ ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ተራ ሻንጣ የሚሸከም አበራ የሚባል ሰው አገኙ። በእድሜ እኩያቸው ነው፤ ኳስ ላይ ግን ማንም አጠገቡ አይደርስም።

ችግሩ አበራ ተማሪ አልነበረም። መላውን የፈጠረው ማንም ሳያስገድደው ሙስአብ ራሱ ነው። መታወቂያዬ ጠፋ ብሎ አመለከተና ለአዲሱ መታወቂያ የአበራን ጉርድ ፎቶ ሰጠ። የሬጅስትራሯ ጸሐፊ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ማህተሟን አሳረፈችበት። ጋሽ ገብረ ኢየሱስም አይተው እንዳላዩ አለፉ። አበራ ኳስ ካገኘ በማን ስም እንደሚጠራ ደንታ አልነበረውም። ሙስአብ ደግሞ ሳይሮጥ ስሙ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ማየት ደስ አለው። ደስ አለው ነው የምላችሁ!

ደስታው የቆየው ወሬው አባቱ ጆሮ እስኪገባ ነው። ሐጂ ጁነዲን ጨርቅ በጅምላ ይሸጣሉ። ቀለሙ አይለቅም ካሉ ገዢው አጥቦ አይሞክርም፣ ጠቅልሎ ይሄዳል። እኚህ ሰው ለልጃቸው ቡድን አሥራ አራት አረንጓዴ ማሊያ ገዙ። ጣቃ እያወረዱ ለደንበኛ የሚያወሩት የሙስአብን ጎል ሆነ። ማታ ማታ ራት ላይ ጎሉ እንዴት እንደገባ ሲጠይቁት፣ ሙስአብ ዳር ቆሞ ያየውን እያሳመረ ይተርክላቸዋል። ልጁ ያፍር ነበር። እናቱ ዘሀራ ሥጋውን ወደሱ እየገፋች፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያለ ይተኛል። ነገ ሲመጣ ደግሞ አበራ ሌላ ጎል ያገባል።

የዋንጫው ጨዋታ ቅዳሜ ዋለ። ሙስአብ ቤተሰብ እንዳይገባ ተከልክሏል ብሎ አባቱን ሸነገለ። ሐጂ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቅዳሜ ግን ገበያው በጦፈበት ሰዓት ሱቃቸውን ዘጉ። ጎረቤቶቻቸው ዘመድ የሞተባቸው መስሏቸው ከየሱቃቸው ወጥተው ጠየቁ። ሐጂም ልጄ ሊጫወት ነው ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ሜዳው ሲደርሱ ጨዋታው ተጀምሯል። ወዲያው ድምፅ ማጉያው «ጎል! ሙስአብ ጁነዲን!» አለ። ሐጂ ገና ሳይቀመጡ አጨበጨቡ። ከዚያ ጎሉን ያገባውን ሰው አዩ። ዓይናቸው ሜዳውን ዞሮ ዞሮ መስመሩ ዳር ቆመ፤ ልጃቸው የውኃ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። ሙስአብም አባቱን አያቸው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ሐጂ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ እስከ መጨረሻው ድረስም ዳግመኛ አላጨበጨቡም።

እነሙስአብ ሁለት ለአንድ አሸነፉ። ፊሽካው እንደተነፋ የተጋጣሚው አሠልጣኝ አቶ በፍቃዱ ክስ አቀረበ፤ ጎሉን ያገባው ተማሪ አይደለም፣ ተሸካሚ ነው አለ። የውድድሩ ኃላፊ መታወቂያውን አገላብጦ አየ፤ ማህተሙ እውነተኛ ነው። ይኼኔ አንድ ሰው አባትየው እዚሁ አሉ ብሎ ሐጂን ጠቆመ። ኃላፊው አበራን በክንዱ ይዞ ወደ ሐጂ ወሰደው። ጀሪካኑን ያንጠለጠለው ሙስአብም እግሩ ሳያስበው ተከተላቸው።

አቶ በፍቃዱ ሐጂን ሲያይ ለዘብ አለ። የዓመታት ደንበኛቸው ነው።

«ሐጂ ካሉ በቃኝ፤ ክሴን አነሳለሁ። ልጅዎ ነው?»

ሐጂ አበራን አዩት። አይደለም ቢሉ በማጭበርበር ፖሊስ ጣቢያ የሚገባው እሱ ነው፣ ከኮሌጅ የሚባረረው ደግሞ ሙስአብ። ከዚያ ልጃቸውን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። አንድ ቃል እንዲተነፍስ እየጠበቁት መሆኑን ሙስአብ አውቋል። እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አንገቱን ደፋ።

«ልጄ ነው» አሉ ሐጂ።

አቶ በፍቃዱ ግን ዓይናቸው የት እንደቆየ አይቷል። ጀሪካን የያዘውን እያመለከተ «ይሄኛውስ?» አላቸው።

«አላውቀውም።»

«ስምህ ማነው አንተ?»

«አበራ» አለ ሙስአብ።

ክሱ ተነሣ። ዋንጫው ሲሰጥ ሰው ሁሉ እየተመለከታቸው ስለሆነ ሐጂ አበራን ግንባሩን ሳሙት። አበራ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ፤ ሰው ግን የደስታ መሰለው።

ሙስአብ ማሊያዎቹን ለጓደኞቹ ጥሎ አባቱን ተከተለ። ሊደርስባቸው አልደፈረም፤ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሐጂ የዘጉትን ሱቅ ሳያዩት አለፉት። ሰላም ላሏቸው ነጋዴዎች እጃቸውን አነሡ። አንዱ ከኋላ ሙስአብን ጠርቶ «ዋንጫውን ወሰዳችሁ?» አለው፤ ሙስአብ ራሱን ነቀነቀ።

የግቢያቸው በር ላይ ሐጂ ቆመው ጠበቁት። ሲደርስ ፊቱን አላዩትም፤ የበሩን ብረት ነው የሚያዩት። ከውስጥ የዘሀራ የቤት ጫማ ድምፅ ይሰማል፤ ወደ በሩ እየሮጠች ነው።

«እናትህ ስትጠይቅህ አንተው ንገራት» አሉት ቀስ ብለው። «እኔ ለዛሬ የዋሸሁት ይበቃኛል።»