የእማዬ ካብ ሽበት

እናታቸው አልጋ በያዘች ጊዜ ሱልጣና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ አልወጣችም፤ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። ታላቅ እህቷ ዘሀራ ይህን ቂም ቋጥራ ስንት ዓመት ኖረች። መንገዱ እንደሁ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ዳገቱን መውጣት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። «ለምን ቀረሽ?» ብላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻት።

ዘንድሮ ክረምት ሱልጣና ደወለች።

«እታለም፣ የእማዬ ካብ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ሽበት አለ አይደል? ልጆች ሆነን ጉንጫችንን የምናስደግፍበት? ትንሽ ላኪልኝ፤ ናፈቀኝ።»

«ሰው ሳይናፍቅሽ የድንጋይ ሽበት ናፈቀሽ?»

እንዲህ ትበል እንጂ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከእናቷ በወረሰችው ግቢ ወጥታ ካቡን በቢላ ፋቀች። የማር ብልቃጥ አጥባ ከሥር ጠጠር፣ እንዳይሸት የደቀቀ ከሰል፣ በላዩ ጥቂት አፈር አደረገች። ሽበቱን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አስተኛችው። ውሃ በአፏ ይዛ እፍ እፍ አለችበትና ከደነችው። ራሷ ግን አልወሰደችውም። ለሚኒባስ ሾፌሩ ለበሽር ሰጥታ «ፀሐይ እንዳይለየው በላት» አለችው። የደሴ ጉም ውስጥ ላረጀ ሰው ፀሐይ መድኃኒት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሱልጣና መልሳ ደወለች። «እታለም፣ ደረቀብኝ እኮ።»

«ድሮስ! አንቺ አደራ መች ታውቂያለሽ? እማዬንም እንዲሁ ነው ያደረግሻት!»

«ወላሂ ያልሽውን ነው ያደረግሁት። ከመስኮቱ ፀሐይ አላነሳሁትም፤ ብልቃጡ እንደ ድስት ፈላ።» ሱልጣና ቀጥላ፣ «የኛን ፀሐይ አታውቂውም ለካ» አለች።

ዘሀራ ከየት ታውቀው? የእህቷ መስኮት ወዴት እንደሚዞር እንኳ አይታ አታውቅም። ያን ሁሉ ዘመን «አልመጣችም፣ አልመጣችም» ስትል፣ እሷስ መች ሄደች?

በማግስቱ ሌላ ብልቃጥ ሞላች። በሽር ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ፣ «ተወው፣ እኔው እይዘዋለሁ» ብላ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

«ዛሬ ቂያማ ነው እንዴ? እትዬ ዘሀራ ኮምቦልቻ ሊወርዱ!»

«አፍህን ዝጋና ንዳ!»

ሱልጣና በሩን ስትከፍት ፀጉሯ ከግንባሯ ላይ ነጥቷል። ዘሀራ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ ብልቃጡን ታቅፋ ቤቱን ዞረች፤ ብርሃን እንጂ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ ፈልጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ሻርፗን ፈታ እህቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«በይ አሁን ንገሪኝ» አለቻት። «ያኔ ለምን ቀረሽ?»