ዑራኤል የሠራው አልጀብራ

መሠረት ታደሰ ከአልጀብራ ጋር ሁለት ጊዜ ተጋብታ ሁለት ጊዜ ተፋትታለች። በመጀመሪያው አስተማሪው ሲሮጥ አመለጣት። በሁለተኛው ኤክስ የሚባለውን ነገር ፈልጉ ተብለው ሲፈልጉ ሰነበቱና፣ ሌላው ሁሉ አግኝቶ ቤቱ ሲገባ እሷ እየፈለገች ሴሚስተሩ አለቀ። አሁን ሦስተኛዋ ነው፤ ሦስተኛ ደግሞ የመጨረሻ ነው። ኮሌጁ አንድን ኮርስ ከሦስት ጊዜ በላይ አያስወስድም፤ አልጀብራ ካልታለፈ ደግሞ የነርሲንግ ማመልከቻ የሚባል ነገር የለም። ይቺ ሴት ስንት ዓመት ኤርፖርት ውስጥ የሰው አያት በዊልቸር ስትገፋ፣ «እማማ፣ እግርዎ ለምን አበጠ? መድኃኒትዎን ዋጡ?» እያለች ስትጨነቅ የኖረች ናት። ነርስነቱስ አላት፤ የቀራት ወረቀቱ ነው። ወረቀቱን አግቶ የያዘባት ያ ኤክስ የሚሉት ጉደኛ ነው።

አማካሪዋ አዘነችላትና፣ «በራስሽ ፍጥነት የምትማሪው አለ። ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ የሚያጣድፍሽ የለም» አለቻት።

«የኔ ፍጥነት እኮ የኤሊ ነው።»

«ታዲያ ለኤሊ የሚሆን ነው ያልኩሽ።»

እንዲህ ሆነና መሠረት ዳውንታውን ኦክላንድ ኮሌጁ ምድር ቤት ያለው ኮምፒዩተር ላብ ገባች። ነገሩ ቀላል ነው፦ ኮርሱ በሞጁል ተከፋፍሏል፤ አንዱን ሠርተሽ ፈተናውን ስታልፊ አረንጓዴ ምልክት ይበራና የሚቀጥለው ይከፈታል። ሁሉም አረንጓዴ ሲሆን ፋይናል ትቀመጫለሽ። ሁሉም እስከ ሴሚስተሩ የመጨረሻ ዓርብ ማለቅ አለበት።

ላቡን የምታስተዳድረው ሚስ ኮራ ትባላለች፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ሆኖ መነጽር የምትፈልግ ፊሊፒናዊት። መግቢያና ፓስወርድ የምትሠራው ከስም መጀመሪያ ፊደል፣ ከአባት ስምና ከልደት ቀን ነው፤ ዓመቱን አትጠይቅም። «ኤም፣ ታደሰ፣ ጃንዋሪ አንድ» እያለች ጻፈችና ቆም አለች። «ኦ! አንቺማ ተመዝግበሻል። ማሽኑ ያውቅሻል።»

መሠረት ደስ አላት። «ሳልመጣ ጠበቀኝ» አለች በልቧ።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር ይላል የአገሬ ሰው። እሷ ግን አልጠረጠረችም። ጃንዋሪ አንድ ብሎ ልደት እኮ የሷ አይደለም። እናቷ የወለደቻት ፍልሰታ ሲፈታ ነው። ከስደተኛ ካምፕ ስትመጣ በመስኮት ፎርሟን የጻፈላት ሰውዬ ፍልሰታን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚቀይርበት ትዕግሥት አልነበረውምና ጃንዋሪ አንድ ብሎ ገላገላት። በዚያ መስኮት ያለፈ ሁሉ የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ነው። የኦክላንድና የአካባቢው ሐበሻ ልደቱን በወረቀቱ ቢያከብር በዚያ ቀን ኬክ የሚሸጥ ቤት ሁሉ ባዶውን ይቀር ነበር። ታደሰ የሚባል አባትማ ተቆጥሮ አያልቅም።

ኤርፖርት የምትገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ላብ እየመጣች መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ሞጁሎች እንደ ምንም ገፋቻቸው። ክፍልፋይ ላይማ ጎበዝ ሆና ቁጭ! ስምንት ልጅ ባለበት ቤት አንድ ብርቱካን ሲገኝ ቆራሿ እሷ ነበረች፤ ማንም አልቅሶባት አያውቅም። ከዚያ ዎርድ ፕሮብሌም መጣ። አንድ ባቡር ከዚህ ይነሳል፣ ሌላው ከዚያ ይነሳል፣ መቼ ይገናኛሉ? «ምን አገባኝ!» አለች መሠረት። ማሽኑ ግን አገባሽ አለ። ሦስት ጠዋት ሙሉ ባቡሮቹ ሲተላለፉባት ዋሉ።

ሲብስባት ስለት ገባች። «ዑራኤል ሆይ፣ ለዕዝራ የጥበብ ጽዋ ያጠጣህ፣ ለኔ አንድ ማንኪያ ብቻ! ይቺን ባቡር አሳልፈኝ እንጂ ለጥር ንግሥህ የወርቅ ዘርፍ ያለው ዣንጥላ አገባለሁ።»

በማግስቱ ሎግ ኢን ስታደርግ ሞጁሉ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ዓይኗን ጠረገች። አረንጓዴ ነው። ወጥታ ገባች። አረንጓዴ ነው! እግሯ ራሱን ችሎ ጠረጴዛው ሥር እስክስታ ጀመረ። ሥራ ስትገባ አብራት የምትሠራውን ሊሊን ጥግ ይዛ በሹክሹክታ ነገረቻት።

«ቆይ፣ ዑራኤል ሎግ ኢን አድርጎ?» አለች ሊሊ።

«መልአክ ፓስወርድ ይቸግረዋል?»

«አይ አንቺ! ሰው ይስማሽና ያሳስርሽ። ነው ወይስ የኔንም ታክስ ይሠራልኛል?»

መሠረት ምን ቢሏት አልሰማችም። አዲስ የተከፈተላት ሞጁል ክፍልፋይ ያለበት ነበርና በአንድ ጠዋት ጨረሰችው። በማግስቱ ስትመጣ የሚቀጥለው፣ ግራፍ ያለበት፣ ተሠርቶ ጠበቃት። እሷ ክፍልፋዩን ስትሠራ፣ ግራፉና ባቡሩ እየተሠራ ሲያድር፣ ሴሚስተሩ እንደ ሠርግ ሳምንት በረረ። «ዑራኤል ክፍልፋይ አይወድም» አለች ለሊሊ፤ «ለኔ ነው የሚተውልኝ።» ደስታው ናላዋን ስላዞረው ዊልቸር እየገፋች ታንጎራጉር ነበር፤ ተሳፋሪዎቹም አብረው ያጨበጭቡላት ጀመር።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ፋይናሉን ማን ሊፈተንልኝ ነው? አለች። ሰኞ ጠዋት ላብ ስትገባ ኮምፒዩተሩ ላይ ለራስ ማስታወሻ የሚጻፍባት ትንሽ ሣጥን ነበረች፤ እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛዋን ጻፈች፦ «ዑራኤል ሆይ፣ ተመስገን። ግን እባክህ አሠራሩንም አሳየኝ። ዓርብ ደርሷል።»

ማክሰኞ ጠዋት ሎግ ኢን ስታደርግ ማሽኑ «ይህ አካውንት በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቷል» ብሎ አስወጣት። ተመልሳ ገባች።

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ከኋላ ረድፍ የወንድ ድምፅ።

አስወጣት። ገባች።

«ኧረ እመብርሃን! ዛሬስ ለይቶልኛል!»

አስወጣት። ገባች። ከኋላዋ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ዞር ስትል አርባዎቹን ያጋመሰ፣ የሹፌር ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ስክሪኑ ላይ እያማተበ ነው። ስክሪኑ ላይ የሷ ማስታወሻ አለ።

«ይቅርታ፣ እሱ የኔ ነው» አለች ጠጋ ብላ።

«የቱ?»

«ማስታወሻው። ለዑራኤል የጻፍኩት።»

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አያት። «ዑራኤል ነሽ?»

«ኧረ እኔስ እርስዎ መስለውኝ ነው!»

«መንገሻ ታደሰ እባላለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«መሠረት ታደሰ።»

«ልደትሽ...»

«ጃንዋሪ አንድ!» አሉ እኩል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ልንገራችሁ! መንገሻ ሳቁ ከወንበር ጣለው። መሠረት ጠረጴዛ ደግፋ እንባዋ ወረደ። ሚስ ኮራ መነጽሯን እየፈለገች ሮጣ መጣች፤ «ወንድምና እህት ናችሁ?» ብትላቸው ሳቁ እንደ አዲስ ፈነዳ።

ሰውዬው የኩባንያ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጠዋት ከኦክላንድ ሠራተኛ ጭኖ ሳን ሆሴ ያደርሳል፣ ማታ ይመልሳል፤ ከዚያ ላብ ገብቶ አልጀብራውን ይሠራል። መንገድና ሰዓት የኑሮው ነገር ስለሆነ ባቡሩን እየሳቀ ያስገባዋል፤ ክፍልፋይ ግን ጠላቱ ነው። ታዲያ በመጣ ቁጥር ክፍልፋዩ አልቆ ያገኘዋል።

«እኔ ሠርቼ የረሳሁት መሰለኝ» አለ፤ ሳቁ በረድ ብሎ። «አባቴ በስተርጅናው ስሜን ረስቶ ነው የሞተው። ተራዬ ደረሰ ብዬ እንቅልፍ ካጣሁ ከረምኩ። ትናንት ማታ ደግሞ ይሄን ማስታወሻ ሳይ፣ ጭራሽ ከመላእክት ጋር መጻጻፍ ጀመርኩ ብዬ... ለጭንቅላት ምርመራ ይሄን ሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ። ወደ ሐኪም ከመሄዴ በፊት ሚስ ኮራን ልጠይቃት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሚስ ኮራ በዚህ መሐል ማሽኑን ስታይ ቆይታ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። አካውንቱን ቀድሞ የከፈተው መንገሻ ነው። ማሽኑ አንድ አካውንት ለሁለት ሰው አይከፍልም፤ ለአንዱ ይሆናል፣ ሌላው ከባዶ ይጀምራል። ያገኘውም ቢሆን ራሱ ያልሠራቸውን ሞጁሎች እሷ ፊት እንደገና መፈተን አለበት፤ እስከ ሐሙስ። ዓርብ ፋይናል ነው።

ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። «የኔ ሦስተኛዬ ነው» አለች መሠረት። «ከዚህ በኋላ የለኝም። ግን አካውንቱ የእርስዎ ነው፤ መብትዎ ነው።»

መንገሻ ለመመለስ ጊዜ አልፈጀበትም። «ለሷ ይሁን» አለ ለሚስ ኮራ።

«እንዴ! እርስዎስ?»

«እኔማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሦስት አለኝ! ስሚ እህቴ፣ ዛሬ ጠዋት እንደታመመ ሰው ነው የገባሁት። አሁን ጤነኛ ነኝ። ለዚህ ምሥራች አንድ አልጀብራ ምን አላት? ደግሞ አንተ በይኝ፣ እርስዎ ስትዪኝ አባቴን የምትጠሪ ይመስለኛል።» እጁን አፋተገ። «ለጭንቅላት ምርመራ የወሰድኩት ሳምንት አለ። ጭንቅላቴ ደኅና ከሆነ ምን ልሥራበት? ነይ ቁጭ በይ።»

ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የላቡ ኮሪደር ትምህርት ቤት ሆነ። መንገሻ ሁለት የወረቀት ኩባያ አመጣ፤ አንዱ ኦክላንድ፣ አንዱ ሳን ሆሴ። የመኪናውን ቁልፍና የሷን ስልክ አውቶቡስ አደረጋቸው።

«ይሄኛው ከዚህ ይመጣል፣ ያኛው ከዚያ። አንቺ ለብቻ ለብቻ ስታሳድጃቸው ነው የሚያመልጡሽ። ተያይተው ሲመጡ ግን መንገዱን ከሁለት ወገን ነው የሚበሉት። ፍጥነታቸው ይደመራል።»

«ለምን ይደመራል?»

«ሁለቱም የሚለፉት ለመገናኘት ነዋ!»

መሠረት ቁልፉንና ስልኳን አየቻቸው። ቀስ ብላ ከሁለት ወገን ገፋቻቸው፤ መሐል ላይ ተነካኩ። «እና ይሄን ነው ሦስት ጠዋት ሙሉ ያለቀስኩበት?» ብላ ጮኸች፤ በዚያ ያለፈ ተማሪ ደንግጦ መጽሐፉን ጣለ።

ሐሙስ ሚስ ኮራ ፊት ባቡሩንም ግራፉንም አለፈች። ሥራ ቦታ ሊሊ፣ «ታዲያ ዑራኤል ካልሠራው ስለቱ ቀረ በዪኛ!» አለቻት።

«እሱ ራሱ ቢመጣ ኩባያ ይዞ ያስረዳኝ ነበር? ሰው ላከልኝ እንጂ።»

«ሰውዬው ሚስት አለው?»

«ሊሊ፣ ሥራሽን ሥሪ!» አለች መሠረት፤ ጆሮዋ ግን ቀላ።

ዓርብ ፋይናሉ ላይ ተቀመጠች። መንገሻ ከኋላ ረድፍ ነው፤ ሚስ ኮራ አዲስ አካውንት ከፍታለት ለሚቀጥለው ሴሚስተር ከሞጁል አንድ እየተለማመደ ነው። ዞር ብላ ማየት አይፈቀድላትም፤ አልዞረችም። ጥያቄው አንድ በአንድ ሄዶ ሄዶ የመጨረሻው መጣ። አርባ ማይል የሚራራቁ ሁለት ከተሞች፤ ከአንዱ በሰዓት ስድሳ ማይል የሚሄድ አውቶቡስ ይነሳል፣ ከሌላው በሰዓት አርባ የሚሄድ፤ ከስንት ሰዓት በኋላ ይገናኛሉ?

ሳቋ ሊያመልጣት አፏን በእጇ ያዘች። ኩባያዎቹ ታዩአት። ስድሳና አርባ፣ መቶ። አርባ ለመቶ። እዚህ ላይ የመንገሻ ነገር አለቀና የሷ ብርቱካን መጣ፤ ቆረሰችው፣ ቆረሰችው፣ ሁለት አምስተኛ ሰዓት። ጻፈችና ላከችው።

ማሽኑ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ስክሪኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ሆነ።

«እልልልልልልል!»

ምድር ቤቱ በሙሉ ዘለለ። አንዱ ተማሪ እሳት ነው ብሎ ቦርሳውን ይዞ ወደ በሩ ሮጠ። ሚስ ኮራ መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አወረደች፣ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያም «ምንድነው እሱ? እንዴት ነው የሚደረገው?» ብላ ምላሷን እያወዛወዘች ልትሞክረው ጀመረች። መሠረት እያለቀሰችና እየሳቀች ወደ ኋላ ረድፍ ሄደች።

መንገሻ ግን ቀና አላለም። ግንባሩን ቋጥሮ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ሞጁል አንድ፣ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ደምር ይላል፤ ከጎኑ ቀይ ምልክት ተደርድሯል።

«አለፍኩ እኮ!» አለችው።

«ሰምቻለሁ፤ ሳን ሆሴም ሳይሰማ አልቀረም» አለ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ፈገግ ብሎ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ አመለከተ። «በይ እንግዲህ ዑራኤል፣ እባክሽን አሠራሩን አሳዪኝ።»

መሠረት ወንበር ሳበች። ከቦርሳዋ ብርቱካን አወጣች።